እጅ መታጠብ የልጅን አቅም አያዳክምም

እህቴ፣ «ንጽሕና ሲበዛ የልጅ ሰውነት በሽታ መከላከል ያቅተዋል፤ ስለዚህ የልጆቼን እጅ በሳሙና አላስታጥብም» ብለው የጻፉትን አንብቤ ዝም ማለት አልቻልኩም። የሐሳቡ መነሻ ውሸት አይደለም። በ1989 እ.ኤ.አ. ዴቪድ ስትራቻን የተባለ የብሪታንያ ተመራማሪ ታላላቆች የበዙላቸው ልጆች በአበባ ብናኝ አለርጂ እምብዛም እንደማይያዙ አስተዋለ። ምናልባት ከታላላቆቻቸው የሚጋባባቸው ሕመም ጠቅሟቸው ይሆናል አለ። ኋላ ላይ ግን ግርሃም ሩክ የተባለ ተመራማሪና ሌሎች ግምቱን አረሙት። የሰውነትን የመከላከል አቅም ልክ የሚያስይዙት በአፈር፣ በከብትና በአንጀት ውስጥ ያሉ ጉዳት አልባ ተሕዋስያን እንጂ በሽታዎች አይደሉም። ኩፍኝማ እንኳን ሊያጠነክር፣ ሰውነት ቀድሞ ያካበተውን የመከላከል ትውስታ ይሸረሽራል።

እኔም ኮዬ ፈጨ ነው የምኖረው። ልጄ ከሕንፃው ጀርባ ከጥጆች ጋር ሲሯሯጥ ውሎ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ለብሶ ይገባል፤ አልቆጣውም። እንጀራውን ከመቁረሱና ከመጸዳጃ ቤት ሲመለስ ግን ከጀሪካኑ ውኃ ቀድቼ በሳሙና አስታጥበዋለሁ፤ ጥፍሩ ሥር ያለውን ሳይቀር። ተቅማጥን በአብዛኛው የሚያመጣው ከዓይነ ምድር ወደ አፍ የሚሻገረው ጀርም ነውና። ጭቃውን አይከልክሏቸው፤ ሳሙናውንም እባክዎ አይንፈጓቸው።