ይድረስ ለክቡር የአየር ፍራሽ፣ ባሉበት

ጉዳዩ፦ ሌሊት ሌሊት ከሥራ ገበታዎ መጥፋትዎን ይመለከታል

ክቡርነትዎ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ ከወገባችን በስተቀር ደህና ነን።

ክረምቱ ወጥቷል፣ መሬቱ ደርቋል። እኛም እንደ ልማዳችን ቅዳሜና እሁድን ድንኳን ጥለን ልናድር ከደሴ ወደ ሐይቅ ልንወርድ ነው። ዕቃ እየመረጥን ሳለ እርስዎ ከቁም ሳጥኑ ላይ ተጠቅልለው ሲያዩን አየሁና፣ ከመሄዳችን በፊት ብንነጋገር ይሻላል ብዬ ነው ይህችን መጻፌ።

መጀመሪያ ምስጋና ይቅደም። ሱቅ ውስጥ እርስዎን የሚያህል የለም። ባለሱቁ ነፍቶ ሲያሳየን አልጋ አከሉ፤ ላይዎ ከፋይ፣ ትራስዎ አብሮ የተሠራ። «እዚህ ላይ የተኛ ሰው አይነሳም» አለን። አልዋሸም። ወገቡን ተይዞ ማን ይነሳል?

ማታ 3 ሰዓት ላይ ጥብቅ ብለው ይቀበሉናል። 6 ሰዓት ላይ ለስለስ ይላሉ። 9 ሰዓት ላይ የሉም። እኔና መሬት በቀጥታ እንገናኛለን፣ እርስዎም አስታራቂ ሽማግሌ ይመስል መሃላችን ተዘርግተው ዝም። ከዚያ በፊት ያለውም ሰዓት ቢሆን ሰላም አይደለም። ወፍራሙ ጓደኛችን በተገለበጠ ቁጥር ቀጭኑ ወደ ላይ ይነሳል፣ ከእንቅልፉ ሳይነቃ የድንኳኑን ጣሪያ ሊነካ ምንም አይቀረው። (ድንኳኑ ላይ በነገራችን ላይ «ለ4 ሰው» ተብሎ ተጽፏል። እነዚያን አራት ሰዎች ማየት እፈልጋለሁ። እኛ ሁለት ሆነን ከነሻንጣችን ሞልተነዋል።)

ፍርድ እንዳላጓድል ብዬ ደግሞ ወደ ጎሚስታ ወስጄዎታለሁ፣ ያስታውሳሉ። ጎሚስታው ከተቆረጠ በርሜል በሠራት የውሃ ገንዳ ውስጥ ጥግ ጥግዎን እየነከረ፣ አረፋ ይወጣ እንደሆነ ጎንበስ ብሎ ሲያይ ሰፈሩ ተሰበሰበ። ጎማውን ሊያስለጥፍ የመጣ የሚኒባስ ሾፌር ሳይቀር ተራውን ትቶ «ይሄ የምን መኪና ነው?» ብሎ ጠየቀ። አረፋ የሚባል ነገር የለም። ጎሚስታው እጁን ጨርቅ ላይ ጠረገና «ወንድሜ፣ አብሽር፣ ቀዳዳ የለውም። ጸባዩ ነው» አለኝ። ሒሳብም አልተቀበለኝ።

ጸባይዎን ከዚያ በኋላ ነው ያጠናሁት። ቀን በፀሐይ የተነፋ አየር ሌሊት ሲበርደው ይኮማተራል፤ አዲስ ላስቲክ ደግሞ ሰው ሲተኛበት ይለጠጣል። ስለዚህ ቀዳዳ ሳይኖርብዎ ይላላሉ። እሺ፣ ይሄንን እንኳ ልንተኛ ስንል አንድ ጊዜ ጨምረን በመንፋት እንችለው ነበር። የሐይቅ ዳሩ የግራር እሾህ አንድ ቀን ካገኘዎት የሚሆነውንም አሁን አላነሳም።

እኔን ያንገበገበኝ ብርድዎ ነው። ያ ሁሉ ቁመት፣ ያ ሁሉ ግርማ፣ ውስጡ ባዶ! አየሩ ሆድዎ ውስጥ እንደልቡ ይዞራል፣ የጀርባችንን ሙቀት ይቀበልና ለመሬት ያስረክባል። ስፖንጅ አየሩን በትንንሽ ጉድጓዶቹ ውስጥ ይዞ ንቅንቅ አያደርገውም። ፍራሽ ብርድ የመከላከል አቅሙ የሚለካበት አር ቫልዩ የሚሉት ቁጥር አለ። ጣት የምታክለው ጠንካራ የካምፕ ስፖንጅ 2 ገደማ ታመጣለች። የእርስዎ ዓይነቱ ባዶ ሆድ 1 ከደረሰ ተመስገን ነው።

በእርስዎ ጦስ የስንቱ ስም ጠፋ መሰለዎት። ስሊፒንግ ባጉን፣ ያንን የመኝታ ከረጢት፣ «ውሸታም ነው፣ 5 ዲግሪ እችላለሁ ብሎ አስገዝቶን» እያልን ስንሰድበው ከርመናል። ለካ ቁጥሩ የሚለካው ከስር ደህና ምንጣፍ ተነጥፎለት ነው። በዚያ ላይ መለያው ላይ ያለው ቁጥር አንድ አይደለም፤ አንዱ ተመችቶህ የምታድርበት ነው፣ ዝቅ ያለው ተኮራምተህ የምትችለው ነው፣ ሻጭ ደግሞ ሁልጊዜ የሚያነብልህ ዝቅ ያለውን ነው። ጀርባ የተኛበት በኩል ያለው ጥጥ እንደሆነ ተጨፍልቆ ምንም አያሞቅም። እዚያ ጋ ተረኛው እርስዎ ነበሩ።

ጦሳ ተራራ ላይ ያደርንባትን ሌሊት መቼም አይረሷትም። ከኮምቦልቻ የመጣው ጓደኛችን በቲሸርት ነበር። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ደሴ 2,500 ገደማ፣ ጦሳ ደግሞ ከደሴም በላይ፤ ሽቅብ ሲወጣ ሙቀቱ በየ1,000 ሜትሩ 6 ዲግሪ ገደማ እየቀነሰ እንደሚሄድ ለሰውዬው የነገረው የለም፣ የሐረጎን ዳገት ሲወጣ እንኳ መስኮት ከፍቶ ነው የመጣው። ሌሊት እርስዎ ላይ ተኝቶ ጥርሱ ሲንገጫገጭ ቆየና የከሰል ምድጃውን ድንኳን ውስጥ እናስገባ አለ። እዚህ ላይ ቀልድ የለም። የከሰል ጭስ ባይታይም፣ ባይሸትም ይገድላል፤ የደሴ ሰው ይህንን ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቃል። ምድጃው ውጭ ቀረ፣ እኛም እስኪነጋ ዙሪያውን ተቀመጥን። እርስዎ ድንኳኑን ለብቻዎ ይዘው አደሩ።

እናቴ እርስዎን ያየችዎ ቀን «ነፋስ ነው የሸጡላችሁ?» ብላ ቡሉኮዋን አውጥታ ሰጠችኝ።

ስለዚህ ውሳኔው የሚከተለው ነው። የዚህ ሳምንት መኝታ በፍራሽ ቤት በልካችን የተቆረጠ ስፖንጅ ነው፤ በላዩ ብርድ ልብስ፣ ከዚያ ቡሉኮው። ከድንኳኑ ስር ሸራ ይነጠፋል፣ ጠርዙ ከድንኳኑ ወለል ትንሽ ማጠር አለበት፤ ወጣ ያለ እንደሆነ ዝናቡን ተቀብሎ ከስራችን ነው የሚያስገባው። እርስዎ ከሌሊት ሥራ ተነስተዋል። ደመወዝዎ አልተነካም። ቀን ቀን ቡና ሲፈላ ጥላ ስር እንቀመጥብዎታለን። ውሃው ላይ እንንሳፈፍበት ያሉ ጓደኞች ነበሩ፣ እኔ ተቃውሜያለሁ፤ ያ ሐይቅ ጥልቀቱ ከ80 ሜትር ያልፋል፣ የእርስዎን ጸባይ ደግሞ ጎሚስታው ነግሮናል።

ከሰላምታ ጋር
ወገባቸው የተያዘ የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች

ግልባጭ፦
ለእግር ፓምፑ። እርስዎ ከቦታዎ ንቅንቅ እንዳይሉ፣ ከሰል ለማያያዝ ሸጋ ነዎት።