ለጥበቃ ነው እንዴ ጀርመን ድረስ የሄድከው?

ባለፈው ክረምት ሀዋሳ ገብቼ ገና ሻንጣዬን ሳልፈታ አክስቴ ቡና አፍልታ ጎረቤቱን ሁሉ ሰብስባ ጠበቀችኝ። አቦሉ ተጠጥቶ ሳያልቅ የማይቀረው ጥያቄ መጣ። "ለመሆኑ እዛ ምንድነው የምትማረው?" አሉኝ አንዷ እትዬ። እኔም ኮራ ብዬ "ማስተርሴን በአካባቢ ጥበቃ ነው የምሠራው" አልኳቸው። ሴትዮዋ ስኒውን እንደያዙ ቀጥ አሉ። "ጥበቃ? ለጥበቃ ነው እንዴ ጀርመን ድረስ የሄድከው? እዚህ ባንኩ በር ላይ ማስታወቂያ ለጥፈዋል እኮ፣ ስምንተኛ ክፍል የጨረሰ ነው የሚለው።" ቤቱ በሳቅ ተናጋ። አክስቴ ልታድነኝ ብላ "አይ፣ የሱ እንኳን የወንበር ጥበቃ ነው" አለች፣ ጭራሽ ባሰ።

እኔም አብሬ ሳቅኩ። ግን ከዛን ቀን ጀምሮ ይቺ ጥበቃ የምትባል ቃል ከጭንቅላቴ አልወጣም ብላለች፣ ለምን እንደሆነ ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።

የመጀመሪያ ዲግሪዬ ከወንዶ ገነት ነው፣ ደን። እዛ የተማረ ያውቀዋል፣ ጠዋት ቦቲ አድርገህ ጭቃውን እያቦካህ ጫካ ትገባለህ፣ ካሊፐር ይዘህ የዛፉን ውፍረት ደረትህ ጋ፣ ከመሬት 1.3 ሜትር ላይ ትለካለህ፣ ጓደኛህ ይጽፋል፣ ዝናቡ ወረቀቱን ያበሰብሰዋል፣ በማግስቱ እንደገና ትሄዳለህ። ዝግባን ከጽድ ለመለየት ቅጠል አያስፈልገንም ነበር፣ ቅርፊቱን ዳሰስ ማድረግ ይበቃናል። ስለ ሥራ ግን አንድም ቀን ያነሳልን ሰው አልነበረም። ተመረቅን፣ ጋዋን ለብሰን ፎቶ ተነሳን፣ ከዛ ማስታወቂያ ሰሌዳ ስር መኮልኮል። አፓረንትሺፕ የወጣሁበት ቢሮ ራሱ ገና በመጀመሪያው ቀን "ወንድሜ እዚህ መቀመጫም የለም፣ ስትጨርስ ና ማህተሙን እናደርግልሃለን" ብሎ ነው የሸኘኝ፤ ጨርሼ ሄድኩ፣ እውነትም ማህተሙን አደረጉልኝ።

ጀርመን የገባሁበት ትምህርት ቤት ደግሞ እነሱ ሆኽሹለ የሚሉት፣ የተግባር ሳይንስ የሚያስተምር ነው፣ ሰውን ለሥራ ገበያ የሚያዘጋጅ። የመጀመሪያው ቀን የፕሮግራሙ ኃላፊ መድረክ ላይ ወጥታ "እዚህ የመጣችሁት ዛፍ እንድትወዱ አይደለም፣ ሥራ እንድትይዙ ነው" አለች። ደስ አለኝ፣ እውነቱን ለመናገር ማጨብጨብ ሁሉ አማረኝ፤ ከማህተሙ ቢሮ ለመጣ ሰው ይሄ ሙዚቃ ነው። ደግሞ የምራቸውን ነው። የሚያስተምሩት ሰዎች ራሳቸው ፋብሪካ ውስጥ አሥር አሥራ አምስት ዓመት የሠሩ ናቸው፣ አንድ ሙሉ ሴሚስተር ድርጅት ገብተህ ትሠራለህ፣ ያውም እየተከፈለህ። የትምህርት ክፍያም የለም፣ ሴሚስተር በመጣ ቁጥር ከምትከፍላት ትንሽ ነገር በስተቀር። (ይሄን ሰምታችሁ ነገ ሻንጣ እንዳታስሩ፣ ለቪዛው ብቻ 11,904 ዩሮ ዝግ አካውንት ውስጥ አስገብተህ ማሳየት አለብህ። የኔን ማን እንዳዋጣ ሁለት ቤተሰብና አንድ ዕቁብ ያውቃሉ።)

ውጤታቸው ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው፣ 1.0 ማለት አንደኛ ማለት ነው። የመጀመሪያውን ሴሚስተር 1.3 አምጥቼ ለእናቴ በደስታ ስደውልላት ዝም አለች። "ማሚ?" ብላት "ከአራት?" አለችኝ። እኛ አገር እኮ በ1.3 ዶርም ለቀህ ነው የምትሄደው። እሷን ለማሳመን ሃያ ደቂቃ ፈጀብኝ፣ አሁንም የተቀበለችኝ አይመስለኝም።

ብቻ ምን ልበላችሁ፣ ቀስ በቀስ አንድ ነገር ያሳክከኝ ጀመር። አራት ሴሚስተር ሙሉ አንድ ቀን ዛፍ ነክቼ አላውቅም። ኤክሴል ግን ነክቻለሁ። የካርቦን ሂሳብ የሚባል አለ፣ ስኮፕ ዋን ድርጅቱ ራሱ የሚያቃጥለው ነዳጅ፣ ስኮፕ ቱ የሚገዛው መብራት፣ ስኮፕ ስሪ ደግሞ የቀረው ዓለም በሙሉ፣ አቅራቢው፣ መርከቡ፣ ዕቃውን የገዛው ሰው ሲጥለው ሳይቀር። አይሶ 14001 የሚባል የአካባቢ አያያዝ ደረጃ አለ፣ ሪፖርት አጻጻፍ አለ። እና እያንዳንዱ ክላስ ሲያልቅ "ይሄ ሲቪያችሁ ላይ እንዴት ነው የሚጻፈው?" ይባላል። ስለ ወንዝ አወራን፣ ሲቪ። ስለ ረግረግ መሬት አወራን፣ ሲቪ። አንዴ ስለ ንብ መጥፋት ፊልም አሳይተውን እዛ የተቀመጠችው ልጅ እንባዋን እየጠረገች እያለ ራሱ ሲቪ ተባለ።

መመረቂያ ጽሑፌን ስለ ጨለለቃ መሥራት ነበር የምፈልገው። የሀዋሳ ልጅ የሆነ ያውቃታል፣ ከከተማው በስተምሥራቅ፣ ጥቁር ውሃ ወንዝ ወደ ሐይቁ ሳይገባ የሚያርፍባት፣ ትላልቆቹ ውሃ ነበረች የሚሏት፣ እኛ ከብት ሲግጥባት ያደግንባት። ሐይቃችን መውጫ ወንዝ የለውም፣ የገባው ደለል እዛው ነው የሚቀረው፣ ጨለለቃ ማጣሪያው ነበረች፣ ማጣሪያው ሲሄድ ምን እንደሚሆን ለማየት ሳይንቲስት መሆን አያስፈልግም፣ ከዝናብ በኋላ በጥቁር ውሃ በኩል ብቅ ብሎ የውሃውን ቀለም ማየት ነው። ይሄን ሁሉ በጀርመንኛም በእንግሊዝኛም ቀባጥሬ አቀረብኩ። አማካሪዬ በጣም ወዶታል። ከዛ "ድርጅቱ ማነው?" አለኝ። የምን ድርጅት? ለካ መመረቂያው ከአንድ ድርጅት ጋር ነው መሠራት ያለበት፣ ችግሩን የሚያመጣውም የሚከፍለውም ድርጅቱ ነው። ጨለለቃ ድርጅት የላትማ! እና በቃ፣ ስለ ቡና ማሸጊያ ሠራሁ።

ቡና ካነሳሁ አይቀር ዋናው ነገሬ እሱ ነው።

የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 አንድ ሕግ አውጥቷል። ከዲሴምበር 31፣ 2020 በኋላ ደን ተመንጥሮ በተገኘ መሬት ላይ የበቀለ ቡና፣ ካካዋ፣ አኩሪ አተር፣ ጎማ፣ ምናምን አውሮፓ አይገባም፣ አስመጪው ቡናው የበቀለበትን ማሳ ከነካርታ ነጥቡ ማሳየት አለበት። በ2024 መጨረሻ ሊጀምር ነበር፣ የነሱ ድርጅቶች አልደረስንም ብለው ሲጮሁ ተራዘመላቸው። ሀሳቡ መጥፎ ነው አልልም፣ ደን ያጠናሁ ሰው ነኝ። ክላስ ውስጥ በዚህ ሕግ ልምምድ ስንሠራ ከየአገራችሁ አንድ ማሳ ምረጡ ተባልን፣ እኔም ሳላስበው አለታ ወንዶ የአጎቴን ጓሮ መረጥኩ። ከሳተላይት ላይ የቤቱን ቆርቆሮ አውቀዋለሁ፣ ግማሹ አዲስ ግማሹ ዝገት ነው። ሶፍትዌሩ ዞሮ ዞሮ ቀይ አመጣ። ደን የነበረ፣ ከ2020 በኋላ የተመነጠረ!

አጎቴ ጓሮ ውስጥ ያለው ምን መሰላችሁ፣ እንሰት፣ እንሰቱ ስር ቡና፣ ከላይ ዋንዛ። ከሰማይ ሲታይ ደን ይመስላል፣ ሶፍትዌሩም ደን አለው። ቡናው ሲያረጅ ደግሞ እንደማንኛውም ገበሬ ጎነደለው፣ አዲስ ቅርንጫፍ እንዲያወጣ። ጉንደላው ነው ጭፍጨፋ የተባለው። ይሄን ቆሜ አስረዳሁ፣ እንሰት ምን እንደሆነ ቦርድ ላይ ሳልኩ (ሙዝ ነው አሉኝ)። መምህሩ ጨዋ ሰው ነው፣ በትዕግሥት ሰማኝና "ዶክመንት አለው?" አለኝ። አጎቴ ያለው ዶክመንት አረንጓዴው የመሬት ደብተር ነው፣ እሱም ሳጥን ውስጥ፣ ሳጥኑም ተቆልፎ፣ ቁልፉም ሚስቱ አንገት ላይ።

ማታውኑ ደወልኩለት። "ጋሼ፣ ደን ጨፍጭፈዋል እንዴ?" ብለው "የትኛውን?" አለኝ፣ እንዳለ አድርጎ። ከዛ ነገሩን ሳስረዳው ሳቀና እንዲህ አለ፣ "አሃ፣ ለዚህ ነበር እንዴ! አንድ ልጅ ታብሌት ይዞ መጥቶ ዙሪያውን ሲዞር ነበር። እኔ ለግብር መስሎኝ ከዋንዛው ወዲያ ያለውን የወንድሜ ነው አልኩት።" "ወንድምዎስ?" "እሱም የኔ ነው ብሏል መሰለኝ።" ሕጉ እኮ ከ4 ሄክታር በታች ለሆነ ማሳ አንድ ነጥብ ይበቃል ነው የሚለው፣ የአጎቴ ግማሽ ሄክታር አትሞላም፣ ማን እንዳስዞረው እንጃ።

ሳቅኩና ተኛሁ። የሳቁ ዋጋ የመጣው ለሥራ ልምምድ ድርጅት ስወጣ ነው። አንድ ቡና አስመጪ ጋ ገባሁ፣ ሥራዬ ኮምፒዩተር ላይ ተቀምጦ አቅራቢዎች የላኩትን የማሳ ዝርዝር መፈተሽ። ሲስተሙ ከማሳው ስፋት በላይ ቡና ያስረከበ ገበሬ ሲያገኝ ቀይ ያበራል፣ ከሌላ ቦታ ያመጣው ቡና ይሆናል ብሎ። አንድ ሰኞ ጠዋት የሲዳማውን ፋይል ከፈትኩ፣ ገጹ በሙሉ ቀይ። የአጎቴ ስም የለበትም፣ ግን የሁሉም ታሪክ አንድ ነው፣ ያቺው ከዋንዛው ወዲያ ያለችው። አለቃዬ ቡናዋን ይዛ ከኋላዬ መጥታ "ምን እየሆነ ነው?" አለችኝ። እንዴት ነው የማስረዳት? ታብሌት የያዘ ሰው ሲመጣ መሬትህን ማሳነስ እኛ ጋ ማጭበርበር ሳይሆን ጥንቃቄ እንደሆነ በየትኛው ሰዋስው ነው የምነግራት? "የመረጃ ጥራት ችግር ነው" አልኳት። ተመለስና ኢሜይል ጻፍላቸው አለችኝ። "ውድ አቅራቢያችን፣ በሰባት ቀን ውስጥ..." ብዬ ጻፍኩ። እኔ! የአለታ ወንዶ ልጅ!

እትዬ ጥበቃ ሲሉኝ ትዝ ያለኝ ይሄ ኢሜይል ነው። በር ላይ ቆሜ የአጎቴን ኪስ የምፈትሽ ጥበቃ ነኝ እኮ፣ ወንበር ያለኝ መሆኑ ብቻ ነው፣ አክስቴም ልክ ነበረች።

በነገራችን ላይ ጀርመን አንድ የቡና ዛፍ የላትም፣ ግን ከአንድ ኪሎ የተቆላ ቡና 2.19 ዩሮ ታክስ ትሰበስባለች። እሱን ማንም በሳተላይት አይፈትሸውም።

እንዲህ ስል እኛን ነጻ እያወጣሁ አይደለም። ሀዋሳ በነበርኩ ጊዜ የወንዶ ገነት ጓደኛዬ፣ አሁን አማካሪ ቢሮ ነው የሚሠራው፣ ሐይቁ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ወስዶ ዓሣ ጋበዘኝ። አባ ኮዳ የሚባሉት ትላልቅ ወፎች እንደ ድሮው ሽማግሌ መስለው ቆመው አንጀቱን ይጠብቃሉ፣ ሐይቁ ዳር ያለው ፌስታል ግን ከዓሣው ይበልጣል። እየበላን አንድ ሰነድ በስልኩ አሳየኝ፣ ሐይቁ ዳር ሊሠራ ላለ እንግዳ ማረፊያ የተዘጋጀ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ። አዋጁ 299/1995 ግድ ይላላ። ገጽ 14 ላይ "ግንባታው በፍላሚንጎዎቹ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ዝቅተኛ ነው" ይላል። የምን ፍላሚንጎ? ሰነዱ አብያታ አካባቢ ለተሠራ ሌላ ሥራ የተጻፈ ነበር፣ የቦታውን ስም ቀየሩ፣ ወፎቹን ረሱ። "አለፈ?" ብለው "አለፈ እንጂ፣ ዝቅተኛ ነው ይላል እኮ" አለኝ። ልስቅ ብዬ ልምምድ ላይ የጻፍኩት የዘላቂነት ሪፖርት ትዝ ሲለኝ ተውኩት። ያምናውን ከፍቼ ዓመተ ምሕረቱን ነበር የቀየርኩት። ልዩነቱ የኛ ፍላሚንጎ ይገባበታል፣ የነሱ ደግሞ ፎንቱ ያምራል።

አሁን ተመርቄያለሁ፣ ሥራ መፈለጊያ 18 ወር ሰጥተውኛል፣ ስድስቱ አልቋል። ስንት ቦታ እንዳመለከትኩ መቁጠር ትቻለሁ። ብዙው ማስታወቂያ ያንኑ የቡና ፍተሻ ሥራ ነው፣ እና ሁሉም ጀርመንኛ ሲ ዋን ደረጃ ይላል። የአጎቴ ጓሮ ጓሮ መሆኑን ለማረጋገጥ ሲ ዋን! እኔ ቢ ቱ ነኝ፣ አንድ ደረጃ ዝቅ። የሙያ አማካሪዋ ደግሞ ሲቪዬ ላይ "ከቡና አምራች ቤተሰብ የተገኘ" ብለህ ጨምር፣ ቀጣሪዎች ይወዱታል አለችኝ። ጨመርኩ።

ባለፈው እሁድ አጎቴ ራሱ ደወለ፣ እሱ መቼም ካልቸገረው አይደውልም። ማኅበሩ ስብሰባ ጠርቶ ማሳችሁን በትክክል አስመዝግቡ፣ ፈረንጆቹ ኢሜይል ጽፈዋል ብሏቸዋል። እኔ ጭጭ። "ከዋንዛው ወዲያ ያለውን ላስመዝግብ?" አለኝ። "አዎ ጋሼ፣ ያስመዝግቡ" አልኩት። "ዋጋ ይጨምራሉ?" "እሱን እንጃ።" ትንሽ ዝም ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ፣ "ግብር ቢሮዎቹስ ያዩታል?"