የትኛው 2 ሰዓት?

ባሕር ዳር ላይ በግሌ የሥነ ልቦና ምክር እሰጣለሁ። ቀጠሮና ማስታወሻ የሚይዝልኝ ሶፍትዌር ፍለጋ ሦስት ወር ተንከራተትኩ። አንጀቴ አረረ!

አንዱን ለሙከራ ጫንኩት። ለአንዲት ደንበኛዬ ከቀኑ 8 ሰዓት ቀጠሮ ያዝኩላት። ሶፍትዌሩ በፈረንጅ ሰዓት «2:00» ብሎ መልእክት ላከላት። እሷ ጠዋት 2 ሰዓት መጣች፣ ያውም ከሐይቁ ማዶ። በሩ ዝግ ነበር። ለመምጣት ስንት ጊዜ ስታመነታ እንደቆየች እኔ ነኝ የማውቀው። እንዴት አያንገበግብ?

ደግሞ ስልኩን ባሏ ወይ ልጇ ይዞት ቢሆንስ? «የምክር ቀጠሮዎ» የሚል ጽሑፍ ስክሪኑ ላይ ብቅ ካለ ምስጢሯ አበቃ። ጽሑፉን ልቀይረው ብል አይቀየርም።

ሶፍትዌሩ ጳጉሜንን አያውቃትም። ቴሌብር አይቀበልም፣ ክፍያው በየወሩ በዶላር ነው። ኢንተርኔት ከተቋረጠ የደንበኛዬን ማስታወሻ መክፈት አልችልም፤ ሰው ፊቴ ቁጭ ብሎ እያለቀሰ!

ሻጩን «መረጃው የት አገር ነው የሚቀመጠው?» አልኩት። «ክላውድ ላይ» አለኝ፣ በቃ፤ የትኛው አገር ያለ ኮምፒውተር ላይ እንደሆነ አልነገረኝም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል እኮ። ሰው የሆዱን የነገረው ለእኔ ነው። ይህን መልስ ይዤ እንዴት ልፈርም?

ለጊዜው ወደ ደብተሬና ወደሚቆለፈው መሳቢያዬ ተመልሻለሁ። ቀጠሮም ራሴ እየደወልኩ አስታውሳለሁ።