ፉኩሺማን ያቀለጠው የመብራት መጥፋት ነው
ስለ ጃፓኑ የፉኩሺማ ኑክሌር ኃይል ማመንጫ አደጋ በተጻፈው ጽሑፍ ላይ «ሪአክተሩን (የኑክሌር ነዳጁ ሙቀት የሚያመነጭበትን ክፍል) የመሬት መንቀጥቀጡ አፈነዳው» የተባለው ቢስተካከል ጥሩ ነው። ማርች 11፣ 2011 መሬቱ ሲናወጥ ሪአክተሮቹ ወዲያው በራሳቸው ቆመው ነበር፣ ግን ቢቆሙም ነዳጁ ገና ይግላል፣ ውሃ እየዞረ ካላቀዘቀዘው ይቀልጣል። መንቀጥቀጡ የመብራት መስመሩን በጠሰው፣ መጠባበቂያ ጀነሬተሮቹ ሥራ ጀመሩ፣ ከዛ 1 ሰዓት እንኳን ሳይሞላ ሱናሚው (መንቀጥቀጡ ያስነሳው ማዕበል) የባህር መከላከያ ግንቡን አልፎ ምድር ቤት ያሉትን ጀነሬተሮች ዋጣቸው፣ በቃ ውሃውን የሚያዞረው መብራት ጠፋና 3 ሪአክተር ቀለጠ። ባህሩ ጠርዝ ላይ ጀነሬተር ምድር ቤት!! እስካሁን ያንገበግበኛል።

ጨረሩን ሸሽቶ ከ150 ሺህ በላይ ሰው ቤቱን ጥሎ ወጣ፣ በረት ውስጥ እንደታሰሩ በረሃብ ያለቁ ከብቶች አሉ። ከሪአክተሮቹ የወጣው ሲዚየም የሚባል ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር አፈሩ ላይ ስለተጣበቀ የእርሻውን ላይ ላዩን ገፈው በጥቁር ከረጢት ከመሩት፣ ለገበሬ እኮ ያ ዕድሜ ልኩን ያለማው አፈር ነው፣ ሲዚየም 137 የሚባለው ዓይነት ግማሹ እስኪጠፋ ደግሞ 30 ዓመት ገደማ ይፈጃል።