ስቱዲዮውን ሳይሆን የአየር ሰዓቱን ጠይቁ
«ጋዜጠኝነት መማር የምትፈልጉ ዘመናዊ ስቱዲዮ ያለውን ዩኒቨርሲቲ ምረጡ» በሚለው ጽሑፍ አልስማማም። ሬዲዮ ጣቢያ ውስጥ አርታኢ ነኝ፣ ለልምምድ የሚላኩልንን ተማሪዎች የምቀበለውም እኔ ነኝ። ካሜራው ከካርቶኑ ሳይወጣ የተመረቁ ልጆች አይቻለሁ፤ ቁልፉ ንብረት ክፍል፣ ኃላፊው ደግሞ ሁሌ ስብሰባ ላይ! መጠየቅ ያለበት ተማሪው የሠራው ነገር አየር ላይ ይውላል ወይ የሚለው ነው። ጅማና ሐረማያ ዩኒቨርሲቲዎች የማኅበረሰብ ሬዲዮ አላቸው፤ እንዲህ ያለ ቦታ ገብቶ የገበሬ ድምፅ የቀዳ፣ ቆራርጦ ለሰዓቱ ያደረሰ ልጅ እኛ ጋ ሲመጣ በመጀመሪያው ቀን ሥራ ይሰጠዋል። ጽሑፉ ጭራሽ ያልነካው ደግሞ ቋንቋ ነው። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ፣ ሥራው ግን በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛ። በእንግሊዝኛ ሊድ (የዜና መግቢያ) አሳምሮ የሚጽፍ ምሩቅ የቀበሌ ስብሰባን በአማርኛ ሦስት መስመር ጻፍ ሲባል «ተገለጸ፣ ተጠቆመ» ውስጥ ይሰምጣል። እና የትምህርት ክፍል ምርጫ ከመሙላታችሁ በፊት በአገር ውስጥ ቋንቋ የዜና አጻጻፍ ኮርስ አለ ወይ፣ ስንት መጣጥፍስ ታርሞ ይመለስላችኋል ብላችሁ ሲኒየሮቹን ጠይቁ፤ ድረ ገጹ ላይ ያለውን ፎቶ እርሱት። በጽሑፉ ሥር «ተሰጥኦ ካለ ዲግሪ ምን ያደርጋል» ብለህ አስተያየት የሰጠኸው ወንድሜ፣ ተሰጥኦው አይካድም፣ የቅጥር ማስታወቂያው ግን ዲግሪ ነው የሚለው፤ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የመውጫ ፈተናውን 50 ከመቶ ካላመጣህ ዲግሪውም የለም።