ማስተካከያ፦ «ላይምላይት» ሎሚ የለበትም

ለደብረ ማርቆስ የእንግሊዝኛ ተማሪዎች ባጋራነው ጽሑፍ «ላይምላይት»ን «የሎሚ ብርሃን» ብለን ፈትተነዋል፤ ስህተት ነው፣ ይቅርታ እንጠይቃለን። መዝገበ ቃላትና የቴአትር ታሪክ መጻሕፍት እንደሚያስረዱት «ላይም» እዚህ ላይ ሎሚ ሳይሆን ኖራ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የኦክስጅንና የሃይድሮጅን ነበልባል የተቃጠለ ኖራን አግሎ ደማቅ ነጭ ብርሃን ያወጣ ነበር፤ በእሱም መድረክ ላይ ተዋናዩን ነጥለው ያሳዩበታል። ነበልባሉ አንድ ቦታ ከቆየ ኖራውን ስለሚቦረቡረው ሠራተኛው ቶሎ ቶሎ ማዞር ነበረበት።

ዛሬ «ኢን ዘ ላይምላይት» የተባለ ሰው የሕዝብ ዓይን ያረፈበት ነው። ደብተራችሁ ላይ «በሎሚ ብርሃን ውስጥ» ብላችሁ ተርጉማችሁ ከሆነ «የሕዝብ ዓይን ያረፈበት» በሚለው ተኩት።