ካውንስል ታክሱ ፓስፖርት አይጠይቅም፣ ድምፁ ግን ይጠይቃል

ደቡብ ለንደን፣ ዋንድስወርዝ ውስጥ በአንድ ደረጃ የሚወጡና የሚወርዱ ሦስት ጎረቤታሞች አሉ እንበል። አንዷ ባለፈው መስከረም በተማሪ ቪዛ ከናይሮቢ የመጣች ኬንያዊት ናት፤ ተማሪ ስለሆነች ካውንስል ታክስ (ለአካባቢው አስተዳደር፣ ለካውንስሉ፣ በየቤቱ የሚከፈለውን ግብር) ላትከፍልም ትችላለች። ሁለተኛው ከሐራሬ የመጣ ነርስ ነው። ሦስተኛው አሥራ ሁለት ዓመት እዚያው የኖረ፣ ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ያለው፣ ካውንስል ታክሱን አንድ ወር ሳያዛንፍ የሚከፍል ኢትዮጵያዊ ነው። የካውንስል ምርጫ ሲደርስ ኬንያዊቷ ትመርጣለች፣ ዚምባብዌያዊው ይመርጣል፣ ኢትዮጵያዊው ቤቱ ይቀመጣል።

ምክንያቱ አንድ ቃል ነው፦ ኮመንዌልዝ፣ አብዛኞቹ በአንድ ወቅት በብሪታንያ የተገዙ አገሮች ማኅበር። በእንግሊዝ የአካባቢ ምርጫ ድምፅ የሚሰጡት 18 ዓመት የሞላቸው የብሪታንያና የአየርላንድ ዜጎች፣ ሕጋዊ የመኖሪያ ፈቃድ ያላቸው የኮመንዌልዝ አገሮች ዜጎች፣ እንዲሁም የተወሰኑ የአውሮፓ ኅብረት ዜጎች ናቸው። ኢትዮጵያ የማኅበሩ አባል አይደለችም። ነገሩ የቅኝ ግዛት ዘመን ውርስ ነው ይባላል፤ ውርሱ ግን በወጉ አልተከፈለም። ሞዛምቢክ የፖርቹጋል፣ ሩዋንዳ የቤልጂየም ነበሩ፤ ዘግይተው ማኅበሩን ስለተቀላቀሉ ዜጎቻቸው ይመርጣሉ። ዚምባብዌ በ2003 ለቃ ብትወጣም (ዓመቶቹም ወሮቹም የፈረንጅ ናቸው) ስሟ ከብሪታንያ የዜግነት ሕግ ሠንጠረዥ ላይ ስላልተፋቀ ዜጎቿ መምረጣቸውን ቀጥለዋል። ኤርትራ በአንጻሩ ከ1941 እስከ 1952 በእንግሊዝ አስተዳደር ሥር ቆይታለች፤ ኤርትራዊው ግን እንደ ኢትዮጵያዊው ጎረቤቱ አይመርጥም። ቅኝ አለመገዛት የሚያኮራ ነገር ነው፤ ለንደን ላይ ግን ያስቀጣል።

በአውሮፓ በኩል ዞሮ የመጣውም ቢሆን እፎይ አይልም። ከግንቦት 7 ቀን 2024 ጀምሮ ከአየርላንድና ከኮመንዌልዝ አባሎቹ ከቆጵሮስና ከማልታ ሌላ ድምፃቸው እንዳለ የቀጠለላቸው ብሪታንያ ስምምነት የተፈራረመቻቸው አምስት አገሮች ዜጎች ብቻ ናቸው፦ ስፔን፣ ፖርቹጋል፣ ፖላንድ፣ ሉክሰምበርግና ዴንማርክ። የኢጣሊያ ወይም የስዊድን ፓስፖርት የያዘ ሐበሻ ከ2020 መጨረሻ በፊት ጀምሮ በብሪታንያ በሕጋዊ መንገድ ሳያቋርጥ የኖረ ካልሆነ ከመዝገቡ ውጭ ነው።

“ታዲያ ዜግነት አይወስድም ወይ?” የሚል መልስ ቶሎ ይመጣል። በ2025 ዋጋ የዜግነት ማመልከቻው ከነሥነ ሥርዓቱ 1,735 ፓውንድ ነው፤ ስለ ብሪታንያ ኑሮና ታሪክ የሚጠይቀው የ50 ፓውንድ የ“ላይፍ ኢን ዘ ዩኬ” ፈተና ለብቻው ነው። ገንዘቡስ ይገኝ ይሆናል። ለእኛ የከበደው ሌላው ነው፦ በኢትዮጵያ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 378/1996 (በኢትዮጵያ አቆጣጠር)፣ በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ሰው ኢትዮጵያዊነቱን እንደተወ ይቆጠራል። ለትውልደ ኢትዮጵያውያን የሚሰጠው ቢጫ ካርድ ያለ ቪዛ ያስገባል፣ ያሠራል፤ የመምረጥና የመመረጥ መብት ግን አይመልስም። ኬንያዊቷ ብሪታንያዊ ለመሆን ብትወስን አገሯ ከ2010 ሕገ መንግሥት ወዲህ ጥምር ዜግነት ትፈቅድላታለች። ኢትዮጵያዊው ስለ ቆሻሻ መኪናና ስለ ፓርኪንግ ፈቃድ አስተያየቱን በድምፅ ለመግለጽ የአገሩን ዜግነት ማስያዝ አለበት ማለት ነው።

ድምፅ የዜግነት ፍሬ ነው የሚለው ክርክር ክብደት ያለው ለፓርላማ ምርጫ ነው። ለካውንስል ግን እንግሊዝ ራሷ መርሁን ከጣሰች ቆይታለች፤ በርካታ የውጭ አገር ዜጎች ይመርጣሉ። የቀረው ጥያቄ መስመሩ የት ይሰመር የሚለው ብቻ ነው። ስኮትላንድ በ2020 ባወጣችው ሕግ የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ሁሉ፣ ስደተኛውም ጭምር፣ በአካባቢ ምርጫ እንዲመርጥ አድርጋለች። ዌልስም ተከትላለች። በግንቦት 2022 ግላስጎና ካርዲፍ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ካውንስለሩን (የካውንስሉን ተመራጭ) ሲመርጥ የለንደኑ ዘመዱ አልቻለም። ስኮትላንድ ግን አልፈረሰችም።

ቁም ነገሩ ካውንስል ምን ያደርጋል ነው። የቤት ተራ ዝርዝሩን የሚያስተዳድረው፣ ቤት ያጣውን የሚያስጠልለው፣ ለአረጋውያን እንክብካቤ የሚመድበው፣ የምግብ ቤት የመጠጥና የማታ ፈቃድ የሚሰጠው፣ የግንባታ ፈቃድ የሚያጸድቀው እሱ ነው። የካውንስል ታክሱን መጠንም በየዓመቱ ካውንስለሮቹ በድምፅ ይወስናሉ። በ2024 በጀት ዓመት በዲ ደረጃ (ቤቶች በግምታቸው ከሚመደቡባቸው የግብር እርከኖች መካከለኛው) ያለ ቤት የዋንድስወርዝ ሂሳብ ከ1,000 ፓውንድ በታች ሲሆን ብዙም በማትርቀው ኪንግስተን ከ2,300 በላይ ነበር። ልዩነቱ ሁሉ የምርጫ ውጤት ነው ማለት አይደለም፤ የመንግሥት ድጎማ አመዳደብና የቆየ ታሪክ አለበት። ግን መጠኑን የሚያጸድቁት ሰዎች እነዚያው የተመረጡት ናቸው።

ምን ያህል ድምፅ ነገር እንደሚቀይር ዋንድስወርዝ ጥሩ ማሳያ ናት። በ2018 ሌበር ፓርቲ በጠቅላላ ድምፅ በጥቂቱ በልጦ እንኳ ካውንስሉን አላገኘም፤ ከ60 ወንበር ተፎካካሪው ኮንሰርቫቲቭ ፓርቲ 33፣ ሌበር 26፣ አንድ የግል ተወዳዳሪ ያዙ። ድምፅ የሚቆጠረው በዋርድ (በካውንስሉ የምርጫ ቀጠና) ነውና አንድ ዋርድ ላይ የተትረፈረፈ ድምፅ ሌላው ዋርድ ላይ አይረዳም። በ2022 የዋርዶቹ ወሰን ተለውጦ ወንበሩ 58 ሆነ፤ ሌበር 35 አግኝቶ ከ1978 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ካውንስሉን ተረከበ።

የማይመርጠው ሰው ጉዳቱ በምርጫው ቀን ብቻ አይደለም። የፓርቲ ቀስቃሾች በር የሚያንኳኩት ከመራጮች መዝገብ የወጣ ዝርዝር ይዘው ነው። ቤት ቁጥር 14 ሁለት መራጭ፣ 16 አንድ መራጭ፣ 18 ማንም የለም፤ 18ን ያልፉታል። ስለዚህ አራት ዓመት ሙሉ የሊፍቱ ብልሽት፣ የሻጋታው ግድግዳ ከዚያ ቤት አይሰማም። ሐበሻው የበዛበት ሕንፃ በዝርዝሩ ላይ ባዶ ሆኖ ይታያል።

ሆኖም ብዙው ቤት ድብልቅ ነው፤ እናት በቋሚ ፈቃድ፣ አባት በብሪታንያ ዜግነት፣ እዚህ የተወለዱት ልጆች ዜጎች። ያለው ድምፅ ደግሞ በወረቀት ጣጣ ይባክናል።

መጀመሪያ የስም ጉዳይ አለ። ከግንቦት 2023 ጀምሮ በእንግሊዝ የምርጫ ጣቢያ ፎቶ ያለው መታወቂያ ግዴታ ነው። በዚያ የመጀመሪያ ምርጫ ወደ 14,000 ሰው በመታወቂያ ምክንያት ሳይመርጥ መቅረቱን የምርጫ ኮሚሽኑ ገልጿል። የእኛ ስም በእንግሊዝኛ ፊደል አንድ መልክ የለውም፦ ኃይለማርያም አንዱ ሰነድ ላይ አንድ ቃል፣ ሌላው ላይ ሁለት ቃል ነው፤ የአባት ስም እዚህ የመካከል ስም፣ እዚያ የቤተሰብ ስም ይሆናል። የአንድ ፊደል ልዩነት አያስመልስም፤ ስሙ ከነጭራሹ ከተለየ ግን የጣቢያው ኃላፊ የሚያገናኝ ሰነድ ሊጠይቅ ይችላል። መፍትሔው ምዝገባው ሳይዘጋ መዝገቡን በፓስፖርቱ ወይም በመንጃ ፈቃዱ ልክ ማስተካከል ነው። ጊዜው ያለፈበት ፓስፖርት ፎቶው እስከመሰለ ድረስ ያገለግላል፤ ለለንደን አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች የሚሰጠው የነጻ ጉዞ ካርድ (ፍሪደም ፓስ) እና ከ60 በላይ ለሆኑት የሚሰጠው ኦይስተር የተባለው የትራንስፖርት ካርድም እንዲሁ። የኢትዮጵያ ቢጫ ካርድ አያገለግልም። ምንም የሌለው ሰው ነጻውን የመራጭ ሰርተፍኬት ከምርጫው ስድስት የሥራ ቀን በፊት እስከ ከሰዓት በኋላ 11 ሰዓት ማመልከት አለበት፤ ምዝገባው ራሱ የሚዘጋው ከ12 የሥራ ቀን በፊት ነው። ቅዳሜ፣ እሑድና የሕዝብ በዓላት አይቆጠሩም፤ ወቅቱ ደግሞ በዓል የሚበዛበት ነው። በ2024 የለንደን ምርጫ የዋለው ግንቦት 2 ቀን፣ በእኛ ጸሎተ ሐሙስ ነበር።

ለእንዲህ ያለው ቀን የፖስታ ድምፅ ይሻላል፤ የሚሰናከለውም እዚያ ነው። ከድምፅ መስጫው ጋር ፊርማና የትውልድ ቀን የሚሞላበት ወረቀት አለ። ሁለቱም ማመልከቻው ላይ ካለው ጋር መግጠም አለባቸው። ማመልከቻውን በአማርኛ ፈርሞ ድምፁን በእንግሊዝኛ ፊርማ የሚልክ ሰው ድምፁ ሊሰረዝ ይችላል። ሰነዱ ላይ ልደቱ ጃንዋሪ 1 ተብሎ የተመዘገበ ሰው ትክክለኛውን ቀን ልጻፍ ቢልም እንዲሁ ነው፤ እዚህ ላይ የሚፈለገው መግጠሙ እንጂ እውነትነቱ አይደለም። የዕለቱን ቀን በልደት ቦታ መጻፍ፣ ባልና ሚስት ወረቀት መለዋወጥ የተለመዱ ስሕተቶች ናቸው። ፖስታ ካመለጠ ወረቀቱን በምርጫው ዕለት ጣቢያ ማድረስ ይቻላል፤ ግን አንድ ሰው ከራሱ ሌላ ከአምስት በላይ ይዞ መምጣት አይችልም፣ ቅጽም ይሞላል። የማኅበሩን ሁሉ ሰብስቤ ላድርስ የሚል ደግ ሰው የደግነቱን ያህል ድምፅ ያበላሻል። እናትን አስከትሎ ድምፅ መስጫው ክፍል ውስጥ ገብቶ “እዚህ ጋ አድርጊ” ማለትም በ2023 በወጣ ሕግ በግልጽ ወንጀል ነው።

ወረቀቱ ላይ ዋርዱ ሦስት ወንበር ካለው እስከ ሦስት ምልክት ይደረጋል። አንድ ወይም ሁለት ብቻ ማድረግ ይቻላል፤ አራት ማድረግ ግን ወረቀቱን ያስጥላል። ተወዳዳሪዎቹ የሚደረደሩት በቤተሰብ ስም የፊደል ተራ ነው፤ ታች የወረዱት ከላይ ካሉት የፓርቲ ጓዶቻቸው ያነሰ ድምፅ የማግኘት ዕጣ አላቸው። ልጁን በእጩነት የሚያቀርብ ቤተሰብ የአባት ስም የት እንደሚያስቀምጠው ቢያስብበት አይከፋም።

ድምፅ የሌለውም አፍ የለውም ማለት አይደለም። በሌላዋ የደቡብ ለንደን ካውንስል በሉዊሻም በ2018ም በ2022ም ሌበር 54ቱንም ወንበር ወሰደ። እንዲህ ባለ ቦታ ዋናው ምርጫ ፓርቲው እጩውን የሚመርጥበት ስብሰባ ነው፤ የሌበር አባል ለመሆን ደግሞ የብሪታንያ ዜግነት አይጠየቅም፣ ከአንድ ዓመት በላይ መኖር ይበቃል። እጩ ለመምረጥ አብዛኛውን ጊዜ ወራት የቆየ አባልነት ስለሚፈለግ ምርጫው ሲቃረብ መሮጥ አያዋጣም። የግንባታ ፈቃድ ማመልከቻ ላይ በ21 ቀን፣ የመጠጥ ፈቃድ ላይ በ28 ቀን ውስጥ አስተያየት መስጠትም ለማንም ክፍት ነው፤ ፓስፖርት የሚጠይቅ የለም። አዳራሽ ለቤተ ክርስቲያን የሚፈልግ ማኅበር ለጎረቤቱ ተቃውሞ መልስ የሚሰጠው በዚሁ መንገድ ነው።

ሕጉን የሚቀይረው ግን ካውንስሉ ሳይሆን ዌስትሚንስተር፣ የብሪታንያ ፓርላማ፣ ነው፤ ጥያቄው መሄድ ያለበትም ወደ ፓርላማ አባሉ ነው። መንግሥት በሐምሌ 2025 ይፋ ያደረገው የምርጫ ዕቅድ ዋና ነጥቦቹ የመምረጫ ዕድሜን ወደ 16 ማውረድና የባንክ ካርድን በመታወቂያነት መቀበል ናቸው። ስኮትላንድና ዌልስ የ16 ዓመቱን ወጣት ብቻ ሳይሆን የመኖሪያ ፈቃድ ያለውን የውጭ ዜጋም አስገብተዋል፤ እንግሊዝ የመጀመሪያውን ስትቀዳ ሁለተኛውን የተወችበትን ምክንያት የፓርላማ አባሉ በጽሑፍ ይመልስ። ለፓርላማ አባል ደብዳቤ ለመጻፍ መራጭ መሆን አያስፈልግም፤ በምርጫ ክልሉ መኖርና አድራሻን በደብዳቤው ላይ መጻፍ ይበቃል።